ከ«ባሌስትራ» ወደ «የማዘንበል መግቻ»

አዲስ አበባን ከባሕር ዳር በሚያገናኘው፣ በእንጅባራና በዳንግላ በሚያልፈው ጎዳና ለሚመላለስ ሾፌር፣ ከኢጣልያንኛ የተወረሱት «ባሌስትራ»፣ «ሞላ» እና «ካምቢዮ» ባዕድ ቃላት አይደሉም። «ባሌስትራ» በምንጭ ቋንቋው በመጀመሪያ የጦር መሣሪያ፣ ባለ እጀታ ቀስት ነበር፤ ኋላ ስሙ ሸክም ለሚችለው ተደራራቢ የመኪና ብረት ተሰጠ።

በ1911 ዓ.ም. ካናዳዊው እስቲቨን ኮልማን የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘንግ ግን ሸክም አይሸከምም፤ የግራና የቀኝ ጎማዎችን አያይዞ፣ መኪናው በመታጠፊያ ሲያዘነብል በመጠምዘዝ ይቋቋማል። ቁመቱ ከፍ የተደረገ መኪና ይበልጥ ስለሚያዘነብል፣ ከኋላ ይጨመርለታል።

ይህ ዘንግ «ሸክም ደጋፊ» ተብሎ ቢተረጎም፣ አንባቢው ጭነት አብዝቶ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ከተግባሩ የተነሣ «የማዘንበል መግቻ ዘንግ» መባሉ ይሻላል።