አፍ መፍቻ እና አፍ መዝጊያ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ የቡድናችንን ሥራ ክፍል ፊት ቆሜ ሳቀርብ «ከምፍተብል» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ተጻፈው «ኮምፎርቴብል» ብዬ አነበብኩት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። መምህሩም ፈገግ አለ። የቃሉ ትርጉም «ምቹ» መሆኑ አሁን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ዝም አሰኘኝ። መልሱን እያወቅኩት እጄን አላወጣም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እኔ በልቤ የያዝኩትን መልስ ተናግሮ «ጎበዝ» ሲባል እየሰማሁ ደብተሬን አያለሁ።

በአማርኛ ሕፃን ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። የመጀመሪያ ቋንቋችንም አፍ መፍቻ ይባላል። እንግሊዝኛ ግን ለብዙዎቻችን የተገላቢጦሽ ነው፤ አፍ መዝጊያ ሆኗል። ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ መልሱን ያገኘሁት ሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ ታሪክ ውስጥ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ «የተማረ» የሚባል ሰው በዋናነት የሚመዘነው በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ በፈረንሳይኛ ነበር። የጅቡቲው ባቡር የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ራስ ተፈሪም በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ የተማሩት ከአባ ሳሙኤልና ከጓድሉፕ ደሴት ከመጡት ሐኪም ከዶክተር ቪታሊየን ነው።

ያ ዘመን ምን ትቶልን ሄደ? ለገሃርን። «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቃሉን ሰማው፣ ለአፉ እንዲመቸው አደረገው፣ ለገሃር አለው። ጣሊያንም መጥቶ ሲሄድ ፌርማታን፣ ጎማንና ማኪያቶን ትቶልን ሄደ። ዛሬ የታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ «ፈረንሳይኛህ ተበላሽቷል» ብሎ የሚስቅበት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ቃሉ የኛ ሆኗላ።

እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ ጦር ድጋፍ ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱ ፈረንሳይኛ ወደ ኋላ ቀረ። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ሕጎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያወጣ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዞች ተጽዕኖ ቀላል ባይሆንም፣ እንደ ጎረቤቶቻችን በቅኝ ገዥ የተጫነብን ቋንቋ አልነበረም። መንግሥት ለዓለም በር መክፈቻ ይሆናል ብሎ የመረጠው ቋንቋ ነው።

አሁን የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ይህን ቋንቋ ያስተማሩን እነማን ነበሩ? የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ያቋቋሙት በአባ ሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ በፊት ግብፃውያን ነበሩ። ኋላም በየአውራጃው ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ብዙ ሕንዳውያን መጡ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በየከተማው ትምህርት ቤት ገቡ። ማለትም አያቶቻችን እንግሊዝኛን የሰሙት በግብፅ፣ በኩቤክ፣ በሕንድና በአሜሪካ አፍ ነው። ታዲያ እኛ ክፍል ውስጥ የሳቅነው ከየትኛው ጋር አወዳድረን ነው?

ችግሩ እንግሊዝኛ መምጣቱ አልነበረም። ችግሩ የእውቀት መንገድ መሆኑ ቀርቶ የእውቀት ሚዛን መሆኑ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ፤ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ስለዚህ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ክፍሉን ይመራ የነበረ ልጅ አንድ መስከረም ላይ ድንገት ዝም ይላል። ሒሳቡ አልጠፋበትም፤ የጠፋው አፉ ነው። እኛ ግን «ሰነፍ» እንለዋለን። እንግሊዝኛ የሚቀናውን ደግሞ ምንም ሳይናገር «አዋቂ» እንለዋለን።

ወደ ጄኔቭ ልውሰዳችሁ። ቀኑ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በፋሺስት ተይዛ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። የማኅበሩን ቋንቋ ፈረንሳይኛን ጥሩ አድርገው ያውቃሉ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ያፏጩባቸዋል። እሳቸው ፉጨቱ እስኪቆም ጠበቁና በአማርኛ ተናገሩ። በ1956 ዓ.ም. መስከረም ወር ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም እንዲሁ በአማርኛ ነበር የተናገሩት። የዚያ ንግግር የእንግሊዝኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1976 ቦብ ማርሌ «ዋር» ብሎ ለዘፈነው ዘፈን ግጥም ሆነ። በአማርኛ የተነገረ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ዓለምን ዞረ ማለት ነው።

ይሄን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እሳቸው ንጉሥ ናቸው፣ አስተርጓሚ አላቸው። እኔ ለሥራ ቃለ መጠይቅ አስተርጓሚ ይዤ አልገባም። እንግሊዝኛውን ራሴ መናገር አለብኝ። ስለዚህ ለእኔ የበለጠ የሚቀርበኝ የሌላ ሰው ታሪክ ነው።

ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን የጻፉት በቸሃ ነው። እንግሊዝኛ ትርጉሙን ያዘጋጀው የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1969 እሳቸው ራሳቸው በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድ ሃይነማን በሚያሳትመው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ወጣ። ርዕሱ ምን ይመስላችኋል? «አፈርሳታ»። የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፤ ያቃጠለው ማን እንደሆነ ለማወቅ መንደሩ ይሰበሰባል። ያ ስብሰባ አፈርሳታ ነው። «የመንደር ምርመራ» የሚል የእንግሊዝኛ አቻ ፈልገው ርዕሱን ማለስለስ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ለንደን ላይ መጽሐፉን ያነሳ ሰው ቃሉን ለማወቅ ገጹን መግለጥ ነበረበት።

በዚያው ዘመን አፍሪካውያን ደራስያን በዚህ ጉዳይ ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ማኬሬሬ ላይ በተደረገው ጉባኤ ቺኑአ አቼቤም ወጣቱ ንጉጊም ተገኝተዋል። አቼቤ እንግሊዝኛ የእኛን ሸክም ሊሸከም ይችላል፣ ግን ለእኛ እንዲሆን መለወጥ አለበት የሚል አቋም ያዘ። ንጉጊ ኋላ ላይ እንግሊዝኛን ትቶ ልብ ወለዶቹን በጊኩዩ ወደ መጻፍ ዞረ። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ሣህለ ሥላሴ ግን በቸሃም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም ጽፈዋል። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ነገር ትንሽ ነው። በራስ መተማመን ማለት እንደ ለንደን ሰው መናገር አይደለም፤ የሚሰማህ ሰው እንዲገባው ተጠንቅቀህ፣ የምታውቀውን ግን ሳትቀንስ መናገር ነው። ልምምድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እኔ አሁንም ቃላት በስልኬ እያዳመጥኩ እደግማለሁ። ድሮ የምለማመደው እንዳይሳቅብኝ ነበር፤ ዛሬ እንዲገባቸው ነው። ልዩነቱ በጣም ብዙ ነው።

ባለፈው ወር በዙም ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ከናይሮቢ፣ አንዱ ከማኒላ ነበር፤ የሁለቱም እንግሊዝኛ ከእኔ የተለየ፣ እርስ በርስም የተለየ። ሰፈራችሁ ውስጥ ሰዎች ገንዘብ በጋራ የሚያንቀሳቅሱት እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። «ኢንሹራንስ» ልል ነበር፤ ተውኩት። «እድር» አልኩ። ቀስ ብዬ አስረዳሁ፤ እናቴ በየወሩ የምትከፍለውን፣ አባቴ ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደተከለ፣ ወንበሩን ማን እንዳመጣ። ሴትየዋ ቃሉን ደግማ አለችው፤ አነጋገሯ ትንሽ ተሳስቶ ነበር። አልሳቅኩባትም።

መሀል ላይ «ኮምፎርቴብል» ማለቴንም ሰምቻለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ጨረስኩት።

ሥራውን አገኘህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላገኘሁም፤ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ወሰዱ። ግን በሁለት ዓመቱ ዝምታ እንዳደረግኩት መልሴን በልቤ ይዤ አልወጣሁም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ቃለ መጠይቅ አለኝ።