የቆዳ ቀለምና የፀሐይ ጨረር

የጥንት ግሪኮች ከግብጽ በስተደቡብ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ «አይቲዮፕስ» ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም ፊቱ የተቃጠለ ማለት ነው። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድም የፀሐይ ልጅ የአባቱን ሠረገላ መግራት አቅቶት ወደ ምድር ስለ ቀረበ የኢትዮጵያ ሰዎች በዚያን ቀን ጠቈሩ የሚለውን ተረት በግጥሙ አስገብቶታል። ተረቱ ያምራል፤ ነገር ግን ጥቁረትን የቃጠሎ ጠባሳ አድርጎ የሚቈጥር አሳብ በውስጡ አለ፤ ይህም አሳብ ብዙ መቶ ዓመታት ቈየ። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ እንዴት እንደ ታወቀ ጥቂት ልንተርክ አሰብን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ኤቨራርድ ሆም የሚባለውን እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም አንድ ጥያቄ ያስጨንቀው ነበር። ጥቁር ነገር ሙቀትን ከነጭ ይልቅ እንደሚስብ በዘመኑ የታወቀ ነው፤ ቀደም ሲል ቤንጃሚን ፍራንክሊን በበረዶ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን የጨርቅ ቍራጮች ዘርግቶ ጥቁሩ ከሁሉ ይልቅ በረዶውን አቅልጦ ጠልቆ አግኝቶታል። እንግዲያስ ፀሐይ በሚበረታበት አገር የሚኖር ሰው ስለ ምን ጥቁር ሆነ? ሆም ሁለት እጆቹን ለፀሐይ ሰጠ፤ አንዱን ራቁቱን ተወው፤ ሁለተኛውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው፤ በያንዳንዱም ላይ የሙቀት መለኪያ አኖረ። ከጨርቁ በታች ያለው ሙቀት በለጠ፤ የተቃጠለው ግን ራቁቱ እጅ ነበር። ስለዚህም በ1821 በለንደን ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ የጥቁር ሰው ቆዳ ቀለም ከፀሐይ ቃጠሎ መከላከያ ነው ብሎ ደመደመ። ይህ ሆም የእኅቱን ባል የጆን ሀንተርን የእጅ ጽሑፎች አቃጥሏል፤ ሥራውንም እንደ ራሱ አድርጎ አሳትሟል ተብሎ ስሙ የጐደፈ ሰው ነው። የሁለቱን እጆች ፈተና ግን ልንነፍገው አይገባም።

ቃጠሎውን የሚያመጣው ሙቀቱ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? የመልሱ መጀመሪያ ከ20 ዓመት በፊት በጀርመን አገር ተገኝቶ ሳለ ሁለቱን ነገር ያገናኘ አልነበረም። ዮሐን ሪተር በ1801 የፀሐይን ብርሃን በየቀለሙ ከፋፍሎ ሲመረምር፥ ከሐምራዊው ወዲያ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ የብር ጨው ቶሎ እንደሚጠቍር አስተውሎ ነበር። አልትራ ቪዮሌት የምንለው ጨረር ይህ ነው። በ1889 የስዊድኑ ሐኪም ዊድማርክ ቆዳን የሚያቃጥለው ይኸው ጨረር እንጂ ሙቀት አለመሆኑን በኤሌክትሪክ መብራት ፈትኖ አሳየ።

ከዚህ በኋላ የዴንማርኩ ሐኪም ኒልስ ፊንሰን በገዛ ክንዱ ላይ ነገሩን መረመረ። በክንዱ ዙሪያ በጥቁር ቀለም ቀበቶ የመሰለ መስመር ቀብቶ ከብርቱ ፀሐይ ላይ አቈየው። ቀለሙ ሲታጠብ ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ነበረ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ ግራና ቀኙ ግን ቀላ፤ በኋላም ጠየመ። ፊንሰን በዚህ አልቆመም፤ ያንኑ ክንድ ቀለም ሳይቀባ ዳግመኛ ለፀሐይ ሰጠው። አሁን የተቃጠለው ያ ቀድሞ የዳነው ነጭ መስመር ሆነ፤ የጠየመው ቦታ ግን እምብዛም አልተነካም። ቆዳ የራሱን ቀለም ሠርቶ ራሱን እንደሚጋርድ በዚህ ታወቀ። ፊንሰንም በብርሃን ሕክምና ሥራው በ1903 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ቀለም ሜላኒን ይባላል። ቀለሙን የሚሠሩት ሕዋሳት በጥቁርም በነጭም ሰው ቆዳ ቍጥራቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚሠሩት ቀለም ብዛትና ዓይነት ነው። በ1979 አሜሪካውያን ሊቃውንት ሲለኩ፥ ከሚያቃጥለው ጨረር የነጮችን የላይኛ ቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመቶው 24 ያህል፥ በጥቁሮች ግን 7 ያህል ሆኖ ተገኘ። ሰባት ዜሮ አይደለም፤ ጥቁር ሰው ፀሐይ አይነካውም የሚሉ ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። ጋሻው የሌለው ሰው ምን እንደሚያገኘው ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በአፍሪካ ከአልቢኒዝም ጋር ከተወለዱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይጠቃሉ።

ሆኖም ጋሻው ዋጋ ያስከፍላል። ቆዳ ቪታሚን ዲ የሚሠራው በዚሁ ጨረር ነው፤ ቪታሚኑ ሲያንስ የሕፃናት አጥንት ይለሰልሳል፤ እግራቸውም ይጐብጣል፤ በሽታው ሪኬትስ ይባላል። የኒው ዮርኩ ሐኪም አልፍሬድ ሄስ በ1917 ኮሎምበስ ሂል በሚባለው ሰፈር በሚኖሩት ጥቁር ሕፃናት ላይ በሽታው እጅግ በዝቶ አይቶ በዓሣ ጉበት ዘይት ብዙዎቹን ጠበቀ። ጥቂት ዓመት ቈይቶም ነጭና ጥቁር አይጦችን በብርሃን ፈተነ፤ ነጮቹን ከበሽታው የሚጠብቀው የብርሃን መጠን ለጥቁሮቹ አልበቃም።

ይህ የብርድ አገር ሰዎች ጕዳይ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ በጨመረ መጠንም ጨረሩ ይበረታል። ነገር ግን በዚህችው ከተማ ሐኪሞች እግራቸው በሪኬትስ የጐበጠ ሕፃናትን ለብዙ ዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። ብርድ ይመታዋል፥ የሰው ዓይን ያገኘዋል እየተባለ ተጠቅልሎ ከጓዳ የሚውል ሕፃን ከኮሎምበስ ሂሉ ልጅ አይሻልም፤ ቪታሚኑን የሚያሠራው ጨረር የመስኮቱን መስተዋት እንኳ አያልፍምና። እናቶቻችን ሕፃኑን ቅቤ ቀብተው ከደጅ ፀሐይ የሚያሞቁበት ልማድ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ብቻ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ጨረሯ ደካማ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ከፍ እስክትል መጠበቅና የጠየመውን ልጅ ከቀዩ ልጅ ይልቅ ረዘም አድርጎ ማቈየት ያስፈልጋል።