ዳራሶ፣ ጉጆና የአድዋው አያት
የይርጋጨፌ ቤቶች የትውልድ ሐረግ ከአፈ ታሪክ ወደ ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ ተጽፎ አይገኝም። በየቤቱ፣ በየጓሮውና በየመቃብሩም ተጽፎ ይገኛል። በይርጋጨፌ ከተማና በአካባቢዋ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ «አያቶቻችን ከየት መጡ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሱ እንደየቤቱ ይለያያል። አንደኛው ቤት ከዳራሶ ይቆጥራል። ሌላው ከሸዋ የመጣ የአድዋ ዘማች ይጠራል። ሦስተኛው ደግሞ በእናቱ የዳራሶ፣ በአባቱ የዘማቹ ልጅ ሆኖ ሁለቱንም ሐረግ ተሸክሞ ይኖራል። ከእነዚህ ትረካዎች ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው አፈ ታሪክ እንደሆነ መለየት ለጨዋታ ያህል የሚደረግ ምርምር አይደለም። በዚህ አገር «መጤ» እና «ነባር» የሚባሉት ሁለት ቃላት የሰው ቤት ሲያቃጥሉ ታይተዋልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚያወርሱት ትረካ ነው። በዚህ ትረካ መሠረት ዳራሶ የጌዴኦ አባት ሲሆን ጉጆ ደግሞ የጉጂ ኦሮሞ አባት ነው። ዳራሶ ታላቅ፣ ጉጆ ታናሽ ወንድማማቾች ነበሩ። ዳራሶ ከሁለት ሚስቶቹ ሰባት ወንዶች ልጆች ወለደ። ከእነርሱም ዛሬ የሚታወቁት ሰባቱ ነገዶች ተገኙ። ዶባኣ፣ ዳራሻ፣ ጎርጎርሻና ሐኑማ ሾሌ ባጤ፣ ማለትም የአራቱ ቤት ሲባሉ፣ በካሮ፣ ሔንበኣና ሎጎዳ ሳሴ ባጤ፣ ማለትም የሦስቱ ቤት ይባላሉ። ሕዝቡ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ በመንግሥት መዝገብ «ደራሳ» እየተባለ ሲጻፍ የኖረውም በዚሁ አባት ስም ነበር።

ይህ ትረካ በቋንቋ ሚዛን ሲመዘን ምን ይሆናል? ጌዴኦኛ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛ፣ ከከምባትኛና ከቡርጂኛ ጋር የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ይመደባል። የጉጂዎች ቋንቋ ኦሮምኛ ግን ከሶማልኛና ከሌሎች ጋር የሚቆጠረው በሌላ ቅርንጫፍ ነው። ሁለቱ ቅርንጫፎች የተለያዩት ሰባት ወይም ዐሥር የአያት ስም ተቆጥሮ በሚደረስበት ዘመን አይደለም፤ መለያየታቸው ከዚያ እጅግ ይርቃል። በመሆኑም ዳራሶና ጉጆ ከአንድ እናት ማሕፀን ወጥተው የሁለት ሕዝብ አባቶች ሆኑ የሚለውን ቃል በቃል ለመቀበል ያስቸግራል።

ነገር ግን አፈ ታሪክ ሆነ ማለት ሐሰት ሆነ ማለት አይደለም። ጌዴኦ በደጋውና በወይና ደጋው ተዳፋት ላይ እንሰትና ቡና ተካይ ነው። ጉጂ በአመዛኙ ከብት አርቢ ሆኖ የኖረ ነው። ቆጮና ቡና ወደ አንዱ፣ ወተት፣ ቅቤና ሰንጋ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ኖረዋል። የጌዴኦ ባሌ የሚባለው የዕድሜና የሥልጣን ሥርዓትም ከጉጂ ገዳ ጋር ወንድማማች ነው። ደም ከፈሰሰም ጎንዶሮ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ቂም ይሻራል። ስለዚህ ታላቅና ታናሽ የሚለው አነጋገር የልደት መዝገብ ሳይሆን የውል ሰነድ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ቀለምና ወረቀት ያልነበረው ሕዝብ ውሉን በዘመድ ስም ጻፈው።

ሁለተኛው ምስክር ድንጋዩ ነው። በይርጋጨፌ አካባቢ የሚገኘው የጨልባ ቱቲቲ፣ እንዲሁም የቱቶ ፈላ ትክል ድንጋዮች በጌዴኦ ምድር ከሚገኙት እጅግ ብዙ ትክሎች ጥቂቶቹ ናቸው። ቁጥራቸው በጠቅላላው ከ10,000 እንደማያንስ ይገመታል። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ እንዲህ ያለውን ትክል «የግራኝ ድንጋይ» ማለት የተለመደ ነው። ኢማም አሕመድ የሞቱት ግን በ1535 ዓ.ም. ነው። ተመራማሪዎች በሳካሮ ሶዶ ባደረጉት ጥናት፣ በ2013 ዓ.ም. ገደማ ለኅትመት እንደበቃው፣ ከትክሎቹ ጥንታውያኑ ከክርስቶስ ልደት በኋላ የአንደኛው መቶ ዓመት ሥራ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ዘመን ቀድሞ ከተሰጣቸው ግምት በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ያቆሙት እጆች የዛሬዎቹ ሰባት ነገዶች ቀጥተኛ አያቶች ለመሆናቸው ድንጋዩ ራሱ አይመሰክርም። አንድ ነገር ግን ያለጥርጥር ይናገራል፤ ይህ ተራራ ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲህ ሰው ሲቀበርበትና ሲታሰብበት የኖረ ምድር ነው።

ይህ ቃል ወደ ሦስተኛው ትረካ ይወስደናል። የምኒልክ ጦር ጌዴኦን የያዘው በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በተለይም ደጃዝማች ባልቻ ሲዳሞን እየደጋገሙ በገዙበት ዘመን፣ እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ነፍጠኛ በአካባቢው ሰፈረ። ከእነዚህ ሰዎች በሚወለዱ ቤቶች ዘንድ ሁለት አነጋገሮች ይደጋገማሉ። አንደኛው «አያታችን የአድዋ ዘማች ነበር» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሲመጣ አገሩ ጫካ ነበር፤ ያቀናው እርሱ ነው» የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን አነጋገር ቀላል ሒሳብ ይፈትነዋል። በ1888 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት የተወለደው በ1868 ዓ.ም. ገደማ ነው። ትውልድን በሠላሳ ዓመት ብንቆጥር ልጁ በ1898፣ የልጅ ልጁ በ1928፣ ቅድመ አያት የሚለው ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ይወለዳል። እንግዲህ በ1958 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዘማቹን «አያቴ» ካለ፣ ዘማቹ በስተርጅና ካልወለደ በቀር፣ አንድ ትውልድ ከመካከል ተውጧል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚዋጠውም ጀብዱ የሌለው፣ ዝም ብሎ አርሶና ነግዶ የኖረው ሰው ነው። «ሸዋ» የሚለው ቃልም ብዙ ይሸፍናል። ከባልቻ ጋር የመጣው ጦር አማራ ብቻ አልነበረም፤ ኦሮሞም ጉራጌም ነበረበት።

ሁለተኛው አነጋገር ግን በሒሳብ ስሕተት የሚታለፍ አይደለም። ጫካ መስሎ የታየው ነገር የሰው እጅ ሥራ ነበር። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መካከል ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት ይህ የጌዴኦ የእርሻ ጥበብ ከትክል ድንጋዮቹና ከተቀደሱ ደኖቹ ጋር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሠፍሯል። ባዶ አገር ገባር አይኖረውም። ነፍጠኛው እንደ ማዕረጉ ገባር ተቈጥሮ የተሰጠው ግን በዚሁ «ጫካ» ውስጥ ነበር። የጠፍ መሬት ትረካ የተወለደው መሬቱን ለመውረስ ከነበረው ፍላጎት ነው። ለዚህ የጌዴኦ ገበሬ የሰጠው መልስ በ1952 ዓ.ም. በሚችሌ በባለመሬቶች ላይ ያነሣው ዐመፅ ሲሆን፣ የባላባታዊው ሥርዓት የመሬት ይዞታ በሕግ የተደመሰሰው ደግሞ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ይሁን እንጂ የነፍጠኛው የልጅ ልጅ የአያቱን ማዕረግ አይወርስም፤ የአያቱን ዕዳም በደሙ አይሸከምም። ብዙዎቹ ጌዴኦኛ የሚናገሩ፣ ከጌዴኦ ቤት ተጋብተው የወለዱ፣ ቆጮ በልተው ያደጉ ናቸው። የእነርሱ ሐረግ በትክክል ሲጻፍ አንዱ ክንድ ወደ ሸዋ፣ ሌላው ክንድ ወደ ዳራሶ ይዘረጋል። አንዱን ክንድ ቈርጦ መጣል ተረትን ከታሪክ መለየት አይባልም፤ አንዱን ተረት በሌላ ተረት መተካት ነው።

የነገሩ ክብደት በ2010 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ተፈናቃዮቹ በጌዴብና በሌሎች የጌዴኦ ወረዳዎች በትምህርት ቤቶችና በጅምር ሕንፃዎች ተጠልለው ከረሙ። ለዘመናት ጎረቤት የነበረው ሰው በአንድ ሰሞን «መጤ» ተባለ። ዳራሶና ጉጆን ወንድማማች ያደረገው የአባቶች ውል ተዘነጋ። ውሉን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ይሰሙ የነበሩት ግን ሌሎች ነበሩ።

ስለዚህ የቤተሰብን ሐረግ የሚያጠና መምህር ወይም ተማሪ ሦስት ነገር ቢያደርግ ይበጃል። የአያቶችን ስም ከታወቁ ዓመታት ጋር ያመሳክር፤ የሒሳቡ ክፍተት የተዘለለውን ሰው ያሳየዋል። የግብር ደረሰኝና የክርስትና መዝገብ ካለ ከሽማግሌው ቃል ጎን ያስቀምጥ። የአባትን ሐረግ ብቻ ሳይሆን የእናትንም ይጠይቅ፤ መዝገብ የዘለለው የቤቱ ግማሽ በእናት በኩል ይገኛልና። ለደራሲውና ለተዋናዩ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ዳራሶና ጉጆን ከመድረክ ሲያቀርብ በእውነት ተወልደዋል ወይስ አልተወለዱም ብሎ ሊከራከር አይገባውም። ሊያሳይ የሚገባው ሁለት ሕዝቦች፣ የተለያየ ቋንቋ እየተናገሩ፣ ወንድም ለመባባል የወሰኑበትን ቀን ነው። ያ ቀን በየትኛውም መዝገብ አልሠፈረም። በይርጋጨፌ ገበያ ቆጮና ቅቤ በተለዋወጡ ቍጥር ግን ተደግሟል።