የጎሕ ንረት

ከመተማ ወዲያ ማዶ፣ ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ በተዘረጋው የሰሊጥና የማሽላ ምድር፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ ሌሊት ተነሥቶ ውሃ የሚጠጣ ሰው እንግዳ ስላልሆነ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ወገናችን አፉ ደርቆ ሲነቃና ለሽንት ሲመላለስ ጥፋቱን ሁሉ በበረሃው ላይ ይጭነዋል። ነገር ግን ሙቀት የሰውነትን ውሃ በላብ ያወጣዋል እንጂ ሽንትን አያበዛም፤ ጥምና ሽንት አብረው ከበዙ መመርመር የሚገባው ደሙ ነው።

ማታ ደኅና የነበረ ስኳር ሳይበሉ ሳይጠጡ ሊነጋ ሲል የሚወጣበትን ነገር ሐኪሞች «ዶን ፌኖሜነን» ይሉታል፤ ስሙም በ1981 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሥጋ ለመንቃት ሲሰናዳ፣ ኮርቲሶልና የዕድገት ሆርሞን ጉበትን ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያደርጉታል፤ የጤነኛው ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ሲያስታርቀው፣ ቆሽቱ የደከመበት ሰው ግን ስኳሩ እንደ ናረ ያነጋል።

ስሙ ቃል በቃል ቢመለስ «የንጋት ክስተት» ይሆናል፤ ክስተት ግን ለግርዶሽም ለዝናብም የሚነገር ስለ ሆነ ለሕመምተኛው ምንም አይነግረውም። «ዕርገተ ጎሕ» ቢባል ለጆሮ ያምር ነበር፤ ዳሩ ግን በጌታ በዓል የታወቀውን ቃል ለደም ስኳር ማዋል አይመችም። ንረትን ገበያ የወጣ ሁሉ ስለሚያውቀው እኔ «የጎሕ ንረት»ን መርጫለሁ።

ንረቱ የሚለየው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በመለካት ነው፤ በዚህም ላይ የድንበር አገር የራሱ ችግር አለበት። በገዳሪፍ ሻይ እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት እናት በሐሳባችን እናቁም፤ ሱዳናዊቷ ነርስ «ያ ኻላ፣ ሌሊት ሳዓ ተላታ ተነሥተሽ ለኪ» ብትላቸው፣ እናታችን የነርሷ ሦስት ሰዓት የእኛ 9 መሆኑን ስተው፣ ሦስትን እንደ አገራቸው ቆጥረው፣ እራታቸው ገና ሳይፈጭ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጣታቸውን ይወጋሉ፤ የእራቱም ስኳር የሌሊት ስኳር ተብሎ በወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ «ጎሕ ሳይቀድ፣ በእኛ 9 ሰዓት» ብሎ አስረግጦ መንገር ይሻላል።

በዚያ ሰዓት ልኬቱ ደኅና ሆኖ ጧት ከወጣ የጎሕ ንረት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ካደረ፣ ጥርጣሬው ወደ እራቱ፣ ወደ ሻዩ ስኳር ወይም ወደ መድኃኒቱ ማነስ ይዞራል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ግን ያን ጊዜውኑ ጣፋጭ መቅመስ ያስፈልጋል፤ የጧቱን ንረት ብቻ አይቶ የማታ ኢንሱሊንን በራስ ሥልጣን መጨመርም እንዲህ ያለውን ሰው ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የመርፌውን ሰዓትና መጠን ሐኪሙ ያስተካክል፤ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ የፍሬ ሽታ ያለው ትንፋሽ ወይም የከበደ አተነፋፈስ ከመጣ ግን ጎሕ እስኪቀድ አይጠበቅም።

በረሃውም ቢሆን ፈጽሞ ንጹሕ አይደለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ሲገባው፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኃይሉ ይሞታል፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አሥሮ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያኖረዋል፣ ማሰሮውንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ጨርቁም ሲደርቅ እንደ ገና ይነከራል።