በመርከብ ላይ የተጀመረ ትምህርት

ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባችን አንዲት እህታችን መስማት የተሳነው ልጇ በሚማርበት ክፍል፣ ከሰሚዋ መምህርት ጎን መስማት የተሳናት መምህርት ልትመደብ መሆኑን ነገረችን። ከመካከላችን «ራሷ ሳትሰማ እንዴት ታስተምራለች?» ያለች ነበረች። በቅንነት የተጠየቀ ነው፤ ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም።

በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ አሊስ ኮግስዌል የምትባል መስማት የተሳናት ልጅ ነበረች። ጎረቤቷ ቶማስ ጋሎዴት የማስተማሪያ ዘዴ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1815 ወደ አውሮፓ ተላከ። ከፓሪስ ይዞ የተመለሰው ግን ዘዴ ብቻ ሳይሆን ሰው ጭምር ነው፤ ራሱ መስማት የተሳነውን መምህር ሎረን ክለርክን። በ1816 አብረው ተሳፈሩ። ጉዞው 52 ቀን ፈጀ። በመርከቡ ላይ ክለርክ ለጋሎዴት የምልክት ቋንቋ ሲያስተምር፣ ጋሎዴት ደግሞ ለክለርክ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር።

ሲደርሱ የጠበቃቸው እኛም የምናውቀው ችግር ነው፤ ገንዘብ። ከከተማ ከተማ እየዞሩ እርዳታ ጠየቁ። ክለርክ ንግግሩን ይጽፋል፣ ጋሎዴት ለተሰብሳቢው ያነብለታል። (ለመዋጮ ስንት ደጅ የጠናን እህቶች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።) የኮኔቲከት ግዛት ምክር ቤት 5,000 ዶላር ሰጠ፤ ትምህርት ቤቱም በ1817 ተከፈተ። ለአሊስ እንደ እሷ የማይሰማ፣ ግን የተማረና የተከበረ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ማየት ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ክለርክ እዚያው ከ40 ዓመት በላይ አስተማረ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ሶፊያ ፎለር ጋሎዴትን አገባች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከልጇ ከኤድዋርድ ጋር ወደ ዋሽንግተን ሄዳ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ትምህርት ቤት በሞግዚትነት አገለገለች።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰሚዎች፣ ልጆቹ በከንፈርና በድምፅ ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ። በብዙ አገር የምልክት ቋንቋ ከክፍል ወጣ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም አብረውት ወጡ። ስለ ልጆቹ ሲወሰን ልጆቹን የሚመስል ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጉባኤው ጸጸቱን የገለጸው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ።

በእኛም አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

አዲሷ መምህርት ሥራ ስትጀምር እህታችን ክፍሉን ለማየት ፈቃድ ጠይቃለች። ያቺ ጠያቂዋም አብራት ትሄዳለች።