የ1958ቱ የወባ ወረርሽኝና የጤና ምርምር ወጪ፦ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አንጻር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመ፣ ከእነዚህም 150,000 የሚሆኑትን እንደ ገደለ ይገመታል። ንዳድ የቆላ በሽታ ነው ሲባል ኖሮ፣ ያን ጊዜ ግን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን ስፍራዎች አጠቃ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬም የሚገኙት በዚሁ የከፍታ ክልል ውስጥ ነው።

ከወረርሽኙ በኋላ የተደረገው ጥናት ምክንያቱ ያልተለመደ ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት መሆኑን አመለከተ። በ1959ም የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአሜሪካ እርዳታ ጭምር ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ የውጭ እርዳታ እንደ ሰጪው ፈቃድ የሚጨምርና የሚቀንስ ሲሆን፣ የዝናብና የትንኝ ክትትል ግን በየዓመቱ ሳይቋረጥ መካሄድ ይኖርበታል። በ1990 አንድ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ከብሔራዊ የጤና ወጪያቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲያውሉ ያሳሰበው፣ አገሮቹ የራሳቸውን ችግር ራሳቸው እንዲያጠኑ በማሰብ ነው።

በምዕራብ ጎጃም ወባ የሚበረታው ከክረምት በኋላ፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበትና አዝመራ በሚሰበሰብበት ወራት ነው። ስለዚህ የምርምር በጀት ጉዳይ የጤና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን፣ በመስከረምና በጥቅምት የተማሪዎቹን መቅረት በስም መጥሪያው ላይ የሚመዘግበው መምህርም ጉዳይ ነው።