ኮምፒዩተርና የባዕድ ፊደል

የባዕድ ፊደል ተማሪ መልኩን መለየትና እጁን ማስለመድ ሁለት ሥራ ይሆንበታል። በእኛም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሁሉ ቁም ጸሐፊ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፕላቶ የተባለው የኮምፒዩተር ማስተማሪያ፥ በ1972 ዓራተኛው ዓይነት ሲወጣ 512 በ512 ነጥብ ያለው ስክሪን ነበረው። መምህሩ በነጥቦቹ የፈለገውን ፊደል መቅረጽ በመቻሉ የሩሲያ፥ የዕብራይስጥና የቻይና ትምህርት ተዘጋጀበት። ስክሪኑ የጣትን ንክኪ ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀው በ16 በ16 ሳጥን ተከፍሎ ስለ ነበር የእጅን ጽሕፈት ሊከታተል አልቻለም። እንግዲህ ያስተማረው መለየትን ነው እንጂ መጻፍን አይደለም ብንል አልተሳሳትንም።

ይህ ጉድለት በቻይና ጽሕፈት ይብሳል። በዚያ ጭረት ሁሉ ተራ አለው፤ በደንቡ አግድሙ ከቋሚው፥ ላይኛው ከታችኛው፥ ግራው ከቀኙ ይቀድማል። ጃፓን ከቻይና ከወሰደቻቸው ምልክቶች ለዕለት ጉዳይ የመረጠቻቸው፥ በ2010 በተሻሻለው ዝርዝር፥ 2,136 ናቸው። (የእኛ 231 በዛብኝ የሚል ተማሪ ይህን ይስማ!) መምህር የተማሪውን ደብተር ሲያርም የሚያየው ያለቀውን ቅርጽ ብቻ ነው፤ የትኛው ጭረት እንደ ቀደመ ወረቀቱ አይነግረውም። የዛሬው የስልክ ፕሮግራም ግን ጣት የት እንደ ሄደ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደ ሄደም ስለሚመዘግብ፥ ተራው ሲዛባ እዚያው ያስቆማል። አንዳንዱ የጠመመውን ጭረት ራሱ አቃንቶ ስለሚያሳይ ግን፥ ወረቀቱን ጨርሶ መተው አንመክርም።

የሚገርመው፥ ቻይናውያን በ1958 በጸደቀው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ድምፁን ብቻ በስልክ እየመቱ ምልክቱን ከዝርዝር ስለሚመርጡ፥ ብዕር ሲያነሡ ቅርጹ ይጠፋብናል ይላሉ። እጅን ያስረሳው መሣሪያና አሁን እጅን የሚያስተምረው አንድ ናቸው።